ታይፈስ ከመዥገር ይይዛል እንዴ?

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። የእኛ የእንስሳት ክሊኒክ የሚጨናነቀውም ያን ቀን ነው። ገበሬው በአንድ መንገድ እህሉንም ይሸጣል፣ በሬውንም ያሳክማል። አንዲት ቀይ ላም ክራሽ (ከብት ለሕክምና የሚያዝበት ጠባብ አጥር) ውስጥ አስገብተን ጡቷ ሥር የተጣበቀውን መዥገር እያየሁ ሳለ ባለቤቷ ጠጋ አለኝ።

"ዶክተር፣ ልጄ ታይፈስ አለብሽ ተባለች። ጎረቤቱ ሁሉ ከዚች ላም መዥገር ነው የያዛት ይላል። ላሚቱን ልሽጣት?"

(ዶክተር የሚሉኝ ለአክብሮት ነው። እኔ ያለኝ ዲፕሎማ ነው። ገጠር ላይ ግን መርፌ የያዘ ሁሉ ዶክተር ነው።)

"ኧረ ጋሼ፣ እንዳይሸጧት" አልኩት። ነገሩ ግን በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። ይሄን ጥያቄ ጎጃም ውስጥ ከምሠራበት ወረዳ ገበሬዎችም፣ ከጓደኞቼም፣ ቨርጂኒያ ካለችው እህቴም ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ አንዴ ጠቅልዬ ልጻፈው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው። ወረርሽኝ የሚያስነሳው፣ እስር ቤትና የስደተኛ ካምፕ የሚያጠቃው ታይፈስ ሰው ላይ የሚደርሰው በልብስ ቅማል ነው። መዥገር ያንን በሽታ ለሰው እንደምታስተላልፍ የተረጋገጠ ነገር የለም። የዚያን ባክቴሪያ የቅርብ ዘመዶች ግን ትሸከማለች፣ ታስተላልፋለችም። የእኛው አገር መዥገርም እንደዚያው ናት። ረጅሙ መልስ ደግሞ ጉለሌ ድረስ ይወስደናል።

መጀመሪያ መዥገሯን እንያት። በእኛ አካባቢ ከብት ላይ የማትጠፋው አምብሊዮማ ቫሪዬጋተም የምትባለው ዝርያ ናት። ወንዱ ያምራል፣ እውነቱን መናገር ነው። ጀርባው ብርቱካናማ ሆኖ ጥቁር መስመር አለበት። እግሮቹ ላይ ነጫጭ ቀለበት አለ። ሴቷ ሳትበላ ጠፍጣፋ ናት፣ ደም ስትጠግብ የጉሎ ፍሬ ታክላለች። አፏ ረጅም ስለሆነ ጠልቃ ነው የምትነክሰው። ስትነቀል ቁስል ትተዋለች። ከዚያ ቁስሉ ያመረቅዝና አንዱ የጡት ጫፍ ይደፈናል። ለገበሬው መዥገር ማለት ይሄ ኪሳራ ነው። ሌላ የምታመጣው በሽታ ብዙም አይታየውም።

አንድ ሌላ ጠባይ አላት። ብዙው የመዥገር ዘር ሣር ጫፍ ላይ ወጥቶ የሚያልፈውን ይጠብቃል። ይቺ ግን የከብትም የሰውም እስትንፋስ ሲሸታት ከመሬት ተነስታ እየሮጠች ትመጣለች። እረኛ እግር ላይ ከአንድ በላይ የምትገኘው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ታይፈስ። ሃዋርድ ሪኬትስ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነበር። በ1906 ሞንታና ውስጥ፣ ቢተርሩት በተባለ ሸለቆ፣ ሰው የሚጨርስ ባለሽፍታ ትኩሳት በመዥገር እንደሚተላለፍ አሳየ። የሞከረው ጊኒ ፒግ ላይ ነበር። ከዚያ ታይፈስን ለማጥናት ሜክሲኮ ሲቲ ሄደ። በ1910 እዚያው በታይፈስ ሞተ። የመዥገሯን ምስጢር የፈታው ሰው ቅማል በምታመጣው በሽታ ተቀጨ።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቱኒዝ ላይ ሻርል ኒኮል አንድ ነገር አስተውሎ ነበር። የታይፈስ በሽተኛ ሆስፒታል ሲገባ ገላውን ታጥቦ ልብሱን ከቀየረ በኋላ ማንንም አያስይዝም። በር ላይ ልብሱን የሚቀበሉትና የሚያጥቡት ሠራተኞች ግን ይታመማሉ። እንግዲህ ነገሩ ያለው ልብሱ ላይ ነው ማለት ነው። ጦጣዎች ላይ ሞክሮ ቅማል መሆኗን አረጋገጠ። በ1928 ኖቤል ተሸለመበት። ባክቴሪያው በኋላ ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪ ተባለ። ፕሮዋዜክም ታይፈስ ሲያጠና በ1915 በታይፈስ የሞተ ተመራማሪ ነው። በሁለት ሟቾች ስም የሚጠራ ባክቴሪያ ሌላ መኖሩን እንጃ።

ቅማሏ በንክሻዋ አይደለም የምታስተላልፈው። ባክቴሪያው አንጀቷ ውስጥ ይራባል፣ በኩሷ ይወጣል። ሰውየው ሲያክከው ኩሱ በተላጠው ቆዳ ይገባል። ቅማሏም አትተርፍም። አንጀቷ ይበጣጠስና ደሙ ሰውነቷ ውስጥ ይፈስሳል። ቀይ ሆና ትሞታለች። መዥገር ከምትሸከማቸው ዘመዶቹ ጋር ያላት ነገር ግን ሌላ ነው። አብዛኞቹ አይገድሏትም። ምራቋ ውስጥ ይገባሉ፣ እንቁላሏ ውስጥም ይገባሉ። ልጆቿ ገና ሲፈለፈሉ ይዘውት ይወጣሉ።

አዲስ አበባ የኖረ ሰው ጉለሌ "ፓስተር" የሚባለውን ሰፈር ያውቀዋል። ታክሲው "ፓስተር፣ ፓስተር" ሲል ስንቶቻችን ለምን እንደዚያ እንደተባለ እንጠይቃለን? ስሙ የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ቅርስ ነው። የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የእሱ ተተኪ ነው። በ1955 ሬይስ-ጉትፍሮይንድ የተባሉ የዚያ ተቋም ተመራማሪ ዓለምን ያስደነገጠ ነገር በፈረንሳይኛ አሳተሙ። የወረርሽኙን ታይፈስ ባክቴሪያ ከቤት እንስሳት ደምና ከመዥገሮቻቸው ላይ አገኘሁት አሉ። በ1966 ደግሞ ሥራቸውን በእንግሊዝኛ አወጡ።

ለምን አስደነገጠ? እስከዚያ ድረስ ይሄ በሽታ የሰውና የቅማል ብቻ ነው ይባል ነበር። ታይፈስ ታሞ የዳነ ሰው ባክቴሪያውን ለዓመታት ውስጡ ይዞ ሊኖር ይችላል። ሲያረጅ ወይም ሲዳከም ይነሳበታል። ቅማል ካገኘችው ወረርሽኙ እንደገና ይጀመራል። ስለዚህ ቅማልን ካጠፋህ ታይፈስን አጠፋህ የሚል ተስፋ ነበር። ላምና በግም ይዘውት ከሆነ ግን ተስፋው አከተመ። ልብስ ብትቀቅል ምን ዋጋ አለው? ባክቴሪያው በረት ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅሃል።

ስለዚህ ሌሎች ሊያረጋግጡት ተነሱ። ከሞንታናው የሮኪ ማውንቴን ላቦራቶሪ ነበሩ። ላቦራቶሪው ያለው ሪኬትስ መዥገር ይለቅምበት በነበረው በዚያው ሸለቆ ውስጥ ነው። ኦርምስቢና ባልደረቦቹ ከብቶችንና መዥገሮችን በባክቴሪያው ሆን ብለው እየበከሉ ሞከሩ። ውጤቱ በ1971 ወጣ፣ የጉለሌውን ግኝት አልደገፈም። በ1973 ደግሞ ቪሊ ቡርግዶርፈር ከእነ ኦርምስቢ ጋር ሆኖ ከኢትዮጵያ በመጡ መዥገሮች ላይ ያደረጉትን ፍለጋ አሳተመ። ይሄ ሰው በኋላ የላይም በሽታን ባክቴሪያ ያገኘው ነው፣ ባክቴሪያውም በስሙ ተጠርቷል። የኢትዮጵያ መዥገሮች ውስጥ የታይፈሱን ባክቴሪያ አጣው። ያገኘው የባለሽፍታ ትኩሳት ወገን የሆኑ ሌሎች ሪኬትሲያዎችን ነው።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። የፈለጉት ታይፈስን ነበር። እጃቸው የገባው ግን ያኔ ስም ያልወጣለት የእኛው መዥገር ባክቴሪያ ነው። በ1966 ከኢትዮጵያ አምብሊዮማ መዥገር ላይ የተገኘ ኢኤስኤፍ-5 የተባለ ዘር አለ። ይሄ ዘር የሚመደብበት ዝርያ በ1996 ሪኬትሲያ አፍሪኬ ተብሎ ስም ወጣለት። በ2009 ሙሉ ጂኖሙ፣ ማለትም ዘረመሉ በሙሉ፣ ሲነበብ የተነበበው ይሄው የኢትዮጵያው ዘር ነው። ባለፉት ሃያ ዓመታት አገር ውስጥ በተደረጉ ጥናቶችም አምብሊዮማ ላይ ደጋግሞ ተገኝቷል።

ፓስተር ላይ ምን ተፈጠረ ታዲያ? ያኔ የነበረው መለያ ዘዴ ዛሬ ካለው ጋር አይወዳደርም። ዘመዳሞች እርስ በርስ ይምታቱ ነበር። ታይፈስ ሁልጊዜ በሚነካበት ላቦራቶሪ ደግሞ ናሙና ከናሙና ሊበከል ይችላል። ይሄ የእኔ ግምት ነው። ግን ሰው ያየውን አሳተመ፣ ሌላው ሄዶ መረመረ፣ አልገኝ አለ። ማንም ማንንም አልሰደበም። ፌስቡክ ላይ ቢሆን ኖሮ ሁለት ጎራ ተከፍለን ነበር።

ገበሬው ያልገባው፣ ብዙ የተማረ ሰውም የሚሳሳትበት አንድ ነጥብ አለ። መዥገር ሆድ ውስጥ አንድ ባክቴሪያ መገኘቱና መዥገሯ ማስተላለፏ የተለያዩ ናቸው። መዥገር ደም ነው የምትጠጣው። ከብቱ ደም ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ሆዷ ውስጥ ይገባል። አብዛኛው እዚያው ተፈጭቶ ይቀራል። አስተላላፊ ለመባል ባክቴሪያው ከአንጀቷ አልፎ ምራቋ ጋ መድረስ አለበት። ቆዳዋን ቀይራ ወደሚቀጥለው ዕድሜ ስትሸጋገር አብሯት መሻገር አለበት። ከዚያ ስትነክስ መውጣት አለበት። እኛ የእንስሳት ባለሙያዎች ይሄን ካውድሪዮሲስ ከሚባለው የከብትና የበግ በሽታ እናውቀዋለን። አምብሊዮማ በሕፃንነቷ ከታመመ በግ ትወስደዋለች፣ አድጋ ሌላውን ስትነክስ ትሰጠዋለች። ይሄ ሁሉ በሙከራ የታየ ነው። ለወረርሽኙ ታይፈስ ግን እንዲህ ያለ ማስረጃ የለም።

ቢሆንም በሩ ጨርሶ አልተዘጋም። በ2005 ሜክሲኮ ውስጥ፣ ኑዌቮ ሊዮን በሚባል ግዛት፣ አምብሊዮማ መዥገሮች ላይ የፕሮዋዜኪ ዘረመል ተገኘ ተብሎ ታትሟል። ዘረመል መገኘቱ እንግዲህ ከላይ ያልኩትን ፈተና ያላለፈ ነገር ነው። ከዚያ የጠነከረው የአሜሪካው ነው። በ1975 ከዛፍ ዛፍ እየተንሳፈፉ የሚሄዱ የሌሊት ስኩዊረሎች ላይ ራሱ ፕሮዋዜኪ ተገኘ። ጣሪያቸው ሥር እነዚህ እንስሳት የሰፈሩባቸው ሰዎችም ታይፈስ ታመው ያውቃሉ። ስለዚህ "የሰው ብቻ ነው" የሚለው ነገር ድሮውንም ሙሉ እውነት አልነበረም። እዚያም ቢሆን የሚጠረጠሩት የስኩዊረሎቹ ቅማልና ቁንጫ ናቸው። እህቴ ቨርጂኒያ ስላለች ይሄን ስነግራት "ደግሞ አሁን ጣሪያ ላይ ልውጣልህ?" ብላ ዘጋችብኝ።

ቅማልና መዥገር ድንበር መሻገራቸውም ተረት አይደለም። የሚያገረሸውን ትኩሳት እናውቀዋለን። ይነሳል፣ ይተዋል፣ ደግሞ ይነሳል። በቅማል የሚተላለፍ ነው፣ ዛሬም አገራችን ውስጥ አለ። በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ ተነስተው በሊቢያ በኩል አውሮፓ በገቡ ስደተኞች ላይ ታይቶ የዚያን አገር ሐኪሞች ግራ አጋብቶ ነበር። የዚህ ባክቴሪያ ጂኖም በ2008 ሲነበብ በመዥገር የሚተላለፈው የምሥራቅ አፍሪካው ዘመዱ ተቀናንሶ የቀረው ሆኖ ተገኘ። የጉለሌዎቹ ጥያቄ እንግዲህ የጅል ጥያቄ አልነበረም።

ወደ ገበሬው ልጅ እንምጣ። እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም። ግን "ቁስል ነገር አለባት ወይ?" ብዬ ጠየቅሁት። "ከጉልበቷ ኋላ ጥቁር ቅርፊት አለ፣ ሲጋራ የተረኮሰባት ይመስላል" አለኝ። ብሽሽቷም አብጧል። ላሟን የምታልበው እሷ ናት። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ አንገትን ይዞ የሚያስጨንቅ የጡንቻ ሕመም፣ ንክሻው ላይ ጥቁር ቅርፊት፣ እጢ። ይሄ ሁሉ የሪኬትሲያ አፍሪኬ መልክ ነው። ደቡብ አፍሪካ ሳፋሪ የሄዱ ፈረንጆች ይዘውት የሚመለሱትም ይሄንኑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ሕመም ነው።

ጤና ጣቢያው የሰጣትን ወረቀት አሳየኝ። ዊል-ፌሊክስ የሚባለው የደም ምርመራ ውጤት ነው፤ ኦኤክስ 19፣ 1፡160 ይላል። በቃ፣ ታይፈስ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ይሄ ምርመራ የወጣው በ1916 ነው። የሚፈልገው ሪኬትሲያውን እንኳን አይደለም። ፕሮቲየስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ላይ የደሙ አንቲቦዲ ይጣበቃል ወይ ብሎ ነው የሚያየው። ጤነኛ ሰውም ሊጣበቅበት ይችላል። የመዥገሩንም የቅማሉንም በሽተኛ ባንድ ወረቀት ታይፈስ ሊለው ይችላል። ባለሙያው ሌላ ስለሌለው ነው የሚጠቀምበት፣ ይገባኛል። ግን ቁጥሩን ከማንበብ በፊት ልጅቷን ገልበጥ አድርጎ ጉልበቷ ኋላ ማየት ሪኤጀንት አይጠይቅም።

መድኃኒቱ አንድ ከሆነ ምን ለየው ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ሁለቱም በዶክሲሳይክሊን ይድናሉ። ልጅቷም ዶክሲ ተሰጥቷት ነበር፣ ተሽሏታል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ በሚሠራው ላይ ነው። የመዥገሩ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እሷ ታከመች፣ አለቀ። የቅማሉ ታይፈስ ግን ካልታከመ ከአሥር ሰው አራቱን ሊገድል ይችላል። አንድ ሰው ታሞ ከሆነ አብረውት የሚተኙት ሁሉ ልብስ መቀቀል አለበት። ቡሩንዲ ውስጥ በ1997 በተፈናቃይ ካምፖች የተነሳው ወረርሽኝ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አሳምሟል። አጀማመሩም እስር ቤት ነበር። ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ መዥገር ሲቀስር ላሟ ትሸጣለች፣ ቅማሏ ጋቢው ስፌት ውስጥ ተመቻችታ ትቀመጣለች። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የቆሎ ተማሪው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ጎዳና ላይ የሚያድረው ላም የለውም። ቅማል ግን አለበት።

የልብስ ቅማል ከራስ ቅማል ትለያለች። የምትኖረውና እንቁላሏን የምትጥለው ልብስ ስፌት ላይ ነው። በፈላ ውሃ መቀቀል፣ ስፌቱን በጋለ ካውያ መተኮስ ይገድላታል። በጥፍር መጨፍለቅ ግን አይሆንም። ኩሷና ደሟ ጣት ላይ ይቀራል።

መዥገርንም በጥፍር አትጨፍልቁ። ላምባ ማፍሰስ፣ ክብሪት ማስጠጋት፣ ቅቤ መቀባት የሚባለውንም ተዉት። ወረንጦ ያዙ። ቆዳውን ተጠግታችሁ አፏ ጋ ያዟት፣ ሳትጠመዝዙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ቦታውን በሳሙና እጠቡ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ትኩሳት ከመጣ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ "መዥገር ነክሶኛል" በሉ። ካልጠየቋችሁም ንገሯቸው። ላሟን ደግሞ ወደ እኛ አምጧት፣ ዳያዚኖን የተባለውን የመዥገር መድኃኒት እንረጫታለን። በታዘዘው መጠን እንጂ በግምት በጥብጣችሁ አትርጩ፣ እናንተንም ይጎዳል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ባለፈው አንዱ ጎልማሳ ትኩሳት ይዞት ወደ እኔ መጣ። "ያው ቴትራሳይክሊን አይደል፣ ከበሬው ኦክሲ ትንሽ ውጋኝ" አለኝ። (ኦክሲ የምንለው ለከብት የምንወጋው ኦክሲቴትራሳይክሊን ነው፣ የዶክሲ ዘመድ።) ስቄ መለስኩት፣ እሱ ግን ቀልዱን አልነበረም። ከክሊኒኩ እንደወጣ ወደ ጤና ጣቢያ በሚወስደው መንገድ እስኪታጠፍ ድረስ በር ላይ ቆሜ አየሁት።